የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የወረቀት አውሮፕላን ለምን ይወድቃል?

ከአዳማ የደወለ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ፦ «የእኔ አውሮፕላን ስወረውረው ወደ ላይ ይወጣና ቆም ብሎ ይወድቃል። የጓደኛዬ ደግሞ ወዲያው በአፍንጫው መሬት ይመታል። ወረቀታችን ግን አንድ ዓይነት ነው።»

መልስ፦ ጎበዝ፣ በደንብ አስተውለሃል። ወረቀታችሁ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ያለው ክብደቱ ባረፈበት ቦታና በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ነው። ያንተ አውሮፕላን አፍንጫው ቀሏል። አፍንጫው ከልክ በላይ ሲነሳ በክንፉ ላይኛ ገጽ የሚፈሰው አየር ከክንፉ ይላቀቃል፤ ወደ ላይ የሚያነሣውም ኃይል በድንገት ይቀንሳል። ስለዚህ የፊቱን ጠርዝ አንድ ጊዜ ጨምረህ እጠፈው። ጓደኛህ ደግሞ የሁለቱንም ክንፎች የኋላ ጠርዝ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ላይ ቀና ያድርግ። በጣም ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ልጆች አውሮፕላናቸውን ቀድደው የሚጥሉት ይህችን ሳይሞክሩ ነው። አደራ፣ በአንድ ውርወራ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ አለዚያ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም።

ከደሴ የደወሉ እናት፦ «ልጆቼ ደብተራቸውን እየገነጠሉ ጨረሱት። ወፍራም ወረቀት ልግዛላቸው?»

መልስ፦ እመቤቴ፣ ካርቶን የሚያህል ወፍራም ወረቀት አይግዙ። ክንፉ ሳይሰፋ ክብደቱ ብቻ ስለሚጨምር፣ ካልፈጠነ አየር ላይ አይቆምም። የጋዜጣ ወረቀት ደግሞ ልል ነው፤ በኃይል ሲወረወር ክንፉ ይጣመማል። አንድ ወገኑ የተጻፈበት የፎቶኮፒ ወረቀት ይበቃቸዋል፤ የተለመደው ኤ4 ሉክ 5 ግራም ያህል ይመዝናል። በክረምት ግን ደረቅ ቦታ ያስቀምጡላቸው፤ ወረቀት እርጥበት ሲስብ ይከብዳል፣ እጥፋቱም ይላላል።

ከወረቀቱ ይልቅ ዓላማቸውን ይጠይቋቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ወጣት መሐንዲሶች የወረወሩት አውሮፕላን 88 ሜትር አልፏል፤ ጠባብ ክንፍ ያለውና በሙሉ ጉልበት የሚወረወር ነበር። ጃፓናዊው ታኩዎ ቶዳ በ2010 አየር ላይ 29.2 ሰከንድ ያቆየው ግን ሰፊ ክንፍ ነበረው፤ የወረወረውም ወደ ላይ ነው። ለርቀትና ለቆይታ አንድ ዓይነት አስተጣጠፍ አይሆንም።

ከጎንደር በአጭር መልእክት፦ «ሁልጊዜ ወደ ግራ ይዞራል።»

መልስ፦ ክንፎቹ እኩል አልታጠፉም። ከኋላ ሆነው በዓይን ያስተያዩአቸው፤ ሁለቱንም ከአካሉ ትንሽ ወደ ላይ ቢያዘነብሏቸው ወደ ጎን ሲጋደል ራሱን ይመልሳል።

ከአዲስ አበባ የደወሉ አባት፦ «ዱባይ እያለን በዝግታ ይንሳፈፍ የነበረው አውሮፕላን እዚህ ቸኩሎ ያርፋል። ልጄ ተሳስቶ ነው?»

መልስ፦ ልጅዎ ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ደስ ይለኛል። ዱባይ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯም በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ያንኑ ክብደት ለመሸከም ክንፉ ከአንድ አሥረኛ በላይ መፍጠን አለበት። ቀስ ብሎ ሲለቀቅ የሚሄድበት ርቀት እምብዛም አይለወጥም፤ የሚያርፈው ግን ቀድሞ ነው። በኃይል ለሚወረወር ጠባብ አውሮፕላን ግን የሳሳው አየር ይጠቅማል፤ የሚገታው ኃይል ያንሳል። ለቆይታ ከፈለገው ቀለል ባለ ወረቀት ሰፊ ክንፍ ይሥራ፤ ለርቀት ከሆነ አዲስ አበባ ከዱባይ የተሻለች ናት።