ሮም ድንጋይ ላይ የተፈረመ ታሪክ

ክቡራን አባቶች፣ ሲስተሮች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። የታሪክ መምህር አይደለሁም። እዚህ ሮም ባዳንቴ ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። አዛውንት መጠበቅ ብዙ መስማት ነው። በእግር ብዙ መሄድም ነው። ዛሬ የምነግራችሁ በእግሬ ሄጄ ያየሁትን፣ ማታ ማታ ደግሞ ያነበብኩትን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ርእሱን ያለምክንያት አልመረጥኩትም። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት የመዘምራን ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ። አንድ መሠዊያ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተሣለች ዓይን አለች። ዙሪያዋን በቀይ አክብበዋታል። «ፍሪሜሶኖች ቤተክርስቲያኗን ከውስጥ ይዘዋታል» ይላል ድምፁ። ልጅቷ ደንግጣ ነበር። «እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ያቺ ዓይን የሥላሴና የእግዚአብሔር ጥበቃ ምልክት ናት። ፍሪሜሶን ሎጅ በሚባሉ ቡድኖች የሚሰበሰብ የወንድማማች ማኅበር ነው፤ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ከሎጆቹ በፊት ይስሏት ነበር። ይህን ነገርኳትና ተረጋጋች። እኔ ግን አልተረጋጋሁም። ልጆቻችን የሌለውን ፍሪሜሶን ሲፈሩ፣ የነበረውን ፍሪሜሶን በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋሉ። ተደብቆ አይደለም። ስምና ቀን ጽፎ፣ ሐውልት አቁሞ ነው የሄደው።

ካምፖ ዴ ፊዮሪን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት ገበያ ነው። ሻጮቹ ካርቾፊ እየላጡ የሎሚ ውኃ ባልዲ ውስጥ ይጨምራሉ። መሀል ላይ ቆብ ፊቱን ያጠላበት ጥቁር መነኩሴ ቆሟል። እጆቹ መጽሐፍ ላይ ተደራርበዋል። አንገቱን ደፍቷል። የምጠብቃቸው አዛውንት አትክልት ስንገዛ ሁልጊዜ ሥሩ ቆመው ትንፋሽ ይወስዱ ነበር። አንድ ቀን «ማን ናቸው? ቅዱስ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። ቆየት ብለው «እዚሁ ቦታ አቃጥለነው ነው» አሉኝ።

«አቃጥለነው» ነው ያሉት። አቃጥለውት አላሉም። በየእሁዱ የሚቆርቡ ሰው ነበሩ።

ጆርዳኖ ብሩኖ ነው። የዶሚኒካን መነኩሴ ነበር። በኑፋቄ ተፈርዶበት በ1600 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 17 ቀን እዚያ ቦታ ከነሕይወቱ ተቃጠለ። ሐውልቱ የቆመው ግን ከ289 ዓመት በኋላ ነው። ጁን 9 ቀን 1889። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ በዓለ ጰራቅሊጦስ እሁድ ነበር። ቀራጺው ኤቶሬ ፌራሪ ይባላል። ፍሪሜሶን ነበር። ኋላም ከ1904 እስከ 1917 የጣሊያን ፍሪሜሶኖች ታላቅ አለቃ ሆኗል። በምረቃው ሰልፍ ላይ የሎጆች ባንዲራ በገሃድ ተውለበለበ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በዚያው ወር ማብቂያ ካርዲናሎቻቸውን ሰብስበው በታላቅ ሐዘን ተቃወሙ።

ነገሩ ስለ አንድ መነኩሴ ብቻ አልነበረም። ሮም የማን ናት የሚል ጠብ ነበር። እስከ 1870 ሮምን የሚገዙት ጳጳሱ ነበሩ። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1870 የጣሊያን ጦር በፖርታ ፒያ በኩል ግንቡን ጥሶ ገባ። በእኛ መስከረም 11፣ ከመስቀል ስድስት ቀን በፊት መሆኑ ነው። ጳጳሱ የነበሩበት የኲሪናሌ ቤተ መንግሥት የንጉሥ ሆነ። ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ይኖሩበታል። በ1873 ሕግ የሮም ገዳማት ንብረት ተወሰደ። መጻሕፍታቸው ተለቅመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በ1876 ተከፈተ። የተከፈተውም በኢየሱሳውያን ኮሌጅ ውስጥ ነው። ዛሬ ልጆቻችን ለፈተና የሚያጠኑበት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ያለው ያ ቤተ መጻሕፍት ነው። መሠረቱ ከገዳማት የመጣ መጽሐፍ ነው። እዚያ ስትገቡ ይህን አስቡ።

ይህን ሁሉ ፍሪሜሶን አደረገው ማለት ውሸት ነው። ከተዋጊዎቹም ከሕግ አውጪዎቹም ብዙዎቹ አባል አልነበሩም። የሚቆርቡም ነበሩባቸው። አዲሲቷ ጣሊያን ምን ታስታውስ፣ ማንን ታክብር፣ በዓሏ መቼ ይሁን በሚለው ላይ ግን የሎጆቹ እጅ ረጅም ነበር። ጋሪባልዲ ራሱ በ1864 ለአጭር ጊዜ ታላቅ አለቃቸው ነበር። ጃኒኮሎ ኮረብታ ላይ በፈረስ የተቀመጠው ሐውልቱ የተመረቀው ሴፕቴምበር 20 ቀን 1895 ነው። ሮም የተያዘችበት 25ኛ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ዕለቱ ብሔራዊ በዓል ሆነ። ከቫቲካን አጥር ሥር ያለውን የፕራቲን ሰፈር ዞር ዞር በሉበት። ቪያ ቺቼሮኔ፣ ቪያ ታቺቶ፣ ቪያ ኦቪዲዮ፣ ፒያሳ ካቩር፣ ፒያሳ ሪሶርጂሜንቶ። የጥንት ሮማውያንና የአዲሱ መንግሥት ጀግኖች ስም ነው። የቅዱሳን ስም እንደ ሌላው ሰፈር አይበዛም። ጳጳሱ በመስኮታቸው ሥር እንዲያነቡት የተጻፈ ይመስላል።

አሁን ወደ እኛ የሚነካው ላይ ልምጣ። በ1889 የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ነበር? ፍራንቼስኮ ክሪስፒ። ስሙን ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን። የውጫሌ ውል ሜይ 2 ቀን 1889 ተፈረመ። የብሩኖ ሐውልት ጁን 9 ተመረቀ። አንድ ወር ከሳምንት ልዩነት ነው። ክሪስፒ ፍሪሜሶን ነበር። የጋሪባልዲ ሐውልት ሲመረቅም ሥልጣን ላይ ያለው እሱ ነው። አምስት ወር ከምናምን በኋላ ዐድዋ ሆነ፤ ክሪስፒም ወደቀ። ሊዮ 13ኛ ደግሞ በዚያው ዓመት ምርኮኞቹን እንዲለቁ ለዳግማዊ አጤ ምኒልክ ደብዳቤ ጽፈው መልእክተኛ ልከዋል። ምኒልክ ያኔ እሺ አላሉም። አስቡት እንግዲህ። ከሮም ጋር የማይነጋገሩት ጳጳስ ሮም ለላከቻቸው ወታደሮች ይለምናሉ። እነዚያ ወታደሮች የገበሬ ልጆች ናቸው፤ አንገታቸው ላይ የእመቤታችን ሜዳሊያ ያንጠለጠሉ ናቸው። ጳጳሱ የሚያስቡት ለእነሱ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ «ዐድዋን ያመጣው ፍሪሜሶን ነው» እንድትሉ አይደለም። በፍጹም። ቅኝ ግዛት የሚፈልጉ ካቶሊኮችም ነበሩ። የከተማዋ ድንጋይ ስለ እኛም እንደሚያወራ እንድታውቁ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ሰው ላንሳ። ኤርኔስቶ ናታን። ለንደን የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ሁለት ጊዜ የፍሪሜሶኖቹ ታላቅ አለቃ ሆኗል። ከ1907 እስከ 1913 የሮም ከንቲባ ነበር። ትራሙና መብራቱ የከተማው ይሁን ወይስ የግል ኩባንያ የሚለውን ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። የመረጠው ቀን ሴፕቴምበር 20 ቀን 1909 ነው። ሕዝቡም የከተማው ይሁን አለ። ለድሆች ሰፈር ትምህርት ቤት ከፍቷል። በ1910 በዚያው በዓል ቀን ጳጳሱን የሚነካ ንግግር አድርጎ ፒዮስ 10ኛን በጣም አሳዝኗል። ሁለቱም ያው አንድ ሰው ነው። በትራሙ እየተሳፈርን ሥራውን አንክድም። ቤተክርስቲያንን መስደቡንም አናድበሰብስም።

ታዲያ ቤተክርስቲያን ምን አለች? ቀለሜንጦስ 12ኛ በ1738 አወገዙ። ሊዮ 13ኛ በ1884 በሐዋርያዊ መልእክታቸው ምክንያቱን በሰፊው ጻፉ። ሃይማኖት ሁሉ እኩል ነው፣ ጋብቻም ትምህርትም መንግሥትም ያለ እግዚአብሔር ይቆማል የሚለውን ሐሳብ ነው የተቃወሙት። ኖቬምበር 26 ቀን 1983 ካርዲናል ራትሲንገር የፈረሙት መግለጫ ወጣ። አባል የሚሆን ካቶሊክ ከባድ ኃጢአት ላይ ነው፤ ቅዱስ ቁርባን ሊቀበል አይችልም ይላል። በ2023 ለአንድ የፊሊፒንስ ጳጳስ በተሰጠ መልስ እንደገና ጸንቷል። ስለዚህ «አሁን ተፈቅዷል» የሚላችሁን አትስሙ። አልተፈቀደም።

ሊዮ ግን በማውገዝ ብቻ አልቆሙም። የቫቲካንን ማኅደር በ1881 ለተመራማሪዎች ከፈቱት። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጎን ያለውን የኢየሱስ ልብ ቤተክርስቲያን ሥራ ለሳሌዢያን ማኅበር መሥራች ለዶን ቦስኮ ሰጡት። ዶን ቦስኮ ያኔ አርጅተዋል፤ ታመዋልም። አገር ለአገር ዞረው ለመኑ። ሜይ 1887 ተባረከ። በሚቀጥለው ጃንዋሪ ዐረፉ። ሥራ ፍለጋ በባቡር የሚወርደው ድሀ ቤት እንዲያገኝ ነበር ሐሳባቸው። እኔ ሮም ስገባ መጀመሪያ የተንበረከክሁት እዚያ ነው። ሻንጣዬን አግዳሚው ሥር አድርጌ። የጣሊያን ቃል አንድ አላውቅም ነበር፤ በአማርኛ አለቀስኩ።

አሁን የፍርሃት ወሬ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ይህን ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ይቆጨኛል።

ሊዮ ታክሲል የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ነበር። ቤተክርስቲያንን ሲሳደብ ኖሮ በ1885 «ተመልሻለሁ» አለ። ከዚያ በፍሪሜሶን ሎጆች ውስጥ ሰይጣን ይመለካል የሚሉ መጻሕፍት ማሳተም ያዘ። በ1887 ጳጳሱ ተቀበሉት። ቀጥሎ ዲያና ቮን የምትባል ሴት አመጣ። ከሰይጣን አምልኮ አምልጣ ወደ ክርስቶስ መጣች ተባለ። ማንም አይቷት አያውቅም፤ ጽሑፏ ግን በየቤቱ ይነበባል። በ1896 በትሬንቶ በተደረገው የፀረ ፍሪሜሶን ጉባኤ ላይ «ሴትየዋ አለች ወይ?» ብለው የጠየቁ ነበሩ።

በሊዚዩ ገዳም አንዲት የሃያ ምናምን ዓመት መነኩሲት ነበረች። ሳንባዋን ታማለች። ስለ ዲያና ሰምታ ጸለየችላት። ጻፈችላትም። በገዳሙ ትያትር ላይ ዣን ዳርክን ሆና የተነሣችው ፎቶ ተላከላት። ኤፕሪል 19 ቀን 1897 ታክሲል ፓሪስ ውስጥ ጋዜጠኞችን ሰበሰበ። «ዲያና የለችም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀለድኩባችሁ» አለ። አዳራሹ ውስጥ በትልቁ የታየው ፎቶ የዚያች መነኩሲት ነበር። ዜናው ገዳሙ ሲደርስ ከዲያና የመጣላትን ደብዳቤ ቀዳድዳ የአትክልት ቦታው ፍግ ላይ ጣለችው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ዐረፈች። የሕፃኑ ኢየሱስ ቅድስት ተሬዛ ናት። ምስሏ ብዙዎቻችን ቦርሳ ውስጥ አለ።

ቅድስቲቱን ያቆሰለው የፍሪሜሶን ምሥጢር አይደለም። ስለ ፍሪሜሶን የተፈጠረ ውሸት ነው፤ የፈጠረውም አማኞች እንደሚወዱት ያወቀ ሰው ነው። ቪዲዮ ሲመጣላችሁ፣ ወደ ግሩፕ ከመላካችሁ በፊት፣ ያችን መነኩሲትና ፍጉን አስታውሱልኝ።

ተንኮል የለም እያልኩ አይደለም። ፒ ዱዌ የሚባለው ሎጅ ዝርዝር በ1981 ሲገኝ ከ900 በላይ ስም ነበረበት፤ ጄኔራሎች፣ ሚኒስትሮች፣ ባለ ባንኮች። በ1982 በሕግ ፈረሰ። ይህ በፍርድ ቤትና በፓርላማ የተጣራ ነው። በማስረጃ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚመስለው።

ስለ ብሩኖም አንድ ነገር ይቀረኛል። በ2000 ካርዲናል ሶዳኖ ቤተክርስቲያን ለአሟሟቱ ጥልቅ ሐዘን እንደሚሰማት ጻፉ። የኔ አዛውንት «አቃጥለነው» ሲሉ ይህን ደብዳቤ አንብበው ይሁን አልጠየቅኳቸውም። አሁን የሉም። ነፍሳቸውን ይማር።

የእኛስ ድንጋይ? ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለእኛ መነኮሳት የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በግእዝ ሐዲስ ኪዳንን ያሳተሙት እዚህ ሮም፣ በ1548 እና 49 ነው። በዚህች ከተማ ውስጥ ይህም የእኛ ቅርስ ነው። ተርሚኒ አጠገብ ደግሞ የዶጋሊ ሐውልት አለ። ራስ አሉላ ጃንዋሪ 1887 ለደመሰሷቸው ወደ 500 ለሚጠጉ ወታደሮች የቆመ ነው። ድንጋዩ ራሱ የግብፅ ነው። የጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «ቺንኩዌቼንቶ» የሚባለው በእነሱ ነው። የዶን ቦስኮ ቤተክርስቲያን የተባረከበት ዓመትና ሐውልቱ የቆመበት ዓመት አንድ ነው። በእግር አምስት ደቂቃ ይራራቃሉ። እኛ በሁለቱም አጠገብ ሞባይላችንን እያየን እናልፋለን።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ዶጋሊው ሐውልት ሥር እንገናኝ። ከዚያ ወደ ዶን ቦስኮ ገብተን እንጸልያለን፤ ቀጥሎ በፖርታ ፒያ፣ መጨረሻ ካምፖ ዴ ፊዮሪ። የመዘምራኗም ልጅ ትመጣለች፤ ቃል ገብታልኛለች። የሚመች ጫማ አድርጉ፤ ውኃም ያዙ።