ስፒከሩን ከመክሰሳችሁ በፊት

የተከበራችሁ የሸክላና የካሴት ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ከመጀመሬ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ጠበቅ አድርጋችሁ አጨብጭቡልኝ።

እግዜር ይስጥልኝ። ያጨበጨባችሁት ለእኔ ሳይሆን ለአዳራሹ ነው። እጃችሁ ካቆመ በኋላ «ዝርርር» ብላ የቀረችውን ድምፅ ሰማችኋት? ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሷ፣ ክፍል ስለሚያስተጋባው ድምፅ ነው።

ያደግሁት ጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው በጭድ የተመረገ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ወለሉ ጣውላ፣ መደቡ ላይ ደግሞ የመንዝ ባና። አባቴ ቴፑን ሲከፍት ዘፋኙ አጠገባችን ቡና የሚጠጣ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝና ያንኑ አምፕሊፋየር፣ እነዚያኑ ስፒከሮች ይዤ ገባሁ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት፣ ጠረጴዛው መስታወት። የመጀመሪያውን ዘፈን ስከፍት ማሲንቆው ጆሮ ይወጋል፣ ግጥሙ እርስ በርሱ ይደባለቃል። «ስፒከሩ ተቃጥሏል» ብዬ ጥገና ወሰድኩት። ጠጋኙ ገንዘቤን ተቀብሎ የሆነ ነገር ቀየረልኝ፤ ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ቤት ስመልሰው ያው ነው። ተበላሽቶ የነበረው ለካ ቤቴ ነው!

ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከስፒከሩ ወጥቶ በቀጥታ ጆሯችሁ ይደርሳል፤ በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ልዩነት ደግሞ ከወለሉ፣ ከጣሪያውና ከግድግዳው የነጠረው ተከትሎ ይመጣል። ሴራሚክና ኮንክሪት የደረሰባቸውን ድምፅ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሰው ይወረውሩታል፤ የሚውጡት ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ ግን የሰው ድምፅ ባለበት አካባቢ ከመቶ ሠላሳውን እጅና ከዚያ በላይ ይውጣል።

ይህን መጀመሪያ በቁጥር ያስቀመጠው የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ነው። በ1895 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አዲስ የተሠራ የመማሪያ አዳራሽ አስተማሪው የሚናገረው የማይሰማበት ሆኖ አስቸገረና «መላ ፈልግለት» ተባለ። ሰውየው ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ከሌላ ቴያትር ቤት የወንበር ትራስ እያስጫነ ማስገባት ጀመረ። የኦርጋን ቧንቧ ያስጮሃል፣ ድምፁ እስኪጠፋ በሰዓት ይለካል፣ ትራስ ይጨምራል፣ እንደገና ይለካል። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ከ5 ሰከንድ በላይ ያስተጋባ የነበረው ድምፅ ትራሱ በበዛ ቁጥር አጠረ። ትራሱ ምን ያህል ድምፅ እንደሚውጥ ያነጻጸረው ደግሞ ከክፍት መስኮት ጋር ነበር፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ ተመልሶ አይመጣማ!

እኔ ያደረግሁት ከዚህ የቀለለ ነው። በስፒከሮቹና በሶፋዬ መካከል ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ባለቤቴ መስታወት ይዛ በጎን ግድግዳው ላይ ስታንሸራትት፣ ሶፋው ላይ ሆኜ ስፒከሩ በመስታወቱ የታየኝን ቦታ ምልክት አደረግንበትና ባና ሰቀልንበት፤ ድምፁ ወደ ጆሮዬ የሚነጥረው ከዚያው ነዋ! ስሱን መጋረጃ በወፍራም፣ እጥፋቱ በበዛ ቀየርነው። ስፒከሮቹን ከቡፌው አወጣኋቸው፤ እዚያ ሳሉ ብርጭቆዎቹ አብረው ይዘፍኑ ነበር። ማሲንቆው በዚያው ምሽት ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን አትሳቱ። ምንጣፍ ቤዝ አይውጥም። የ50 ኸርትዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 7 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ የሁለት ሳንቲ ሜትር ሱፍ ምኑም አይደለም። ቤቱን ከወለል እስከ ጣሪያ ምንጣፍ ያለበሰ ወዳጅ አለኝ፤ ጸናጽሉ ጠፍቶበት ጉምጉምታው ብቻ ቀረለት። ለቤዝ የሚረዳው ስፒከሩን ከማዕዘን ማራቅና ሶፋውንም ከኋላው ካለው ግድግዳ ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ነው። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁም አላችሁ፣ አውቃለሁ፤ ጎረቤታችሁ አሁንም ይሰማችኋል።

እንግዲህ ወሬ ይብቃ። ፊታችሁ የተነጠፈውን ምንጣፍ ልጆቹ ይጠቀልሉትና ይህን ሸክላ ባዶ ወለል ላይ እንሰማዋለን። ቀጥሎ መልሰን አንጥፈን ያንኑ ዘፈን እንደግመዋለን። ልጆች፣ በዚያ በኩል ያዙልኝ።