ፋርማሲ ደረሰኝ፣ ሥራ አለው ወይ?

ሰላም ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? ባለፈው ቪዲዮ ስር ኮሜንቱን ሳነብ ግማሹ ሰው የጻፈው አንድ ነገር ነው፣ «ዩኒቨርሲቲ ላይ ፋርማሲ ትምህርት ደረሰኝ፣ ሥራ አለው ወይ?» ሥራስ አለው፣ ግን ሁላችሁም የምትፈልጉት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ካውንተር። ነጭ ጋዋን፣ ከኋላ መደርደሪያ፣ ከፊት ወረፋ። ሰው የሚያየው እሱን ስለሆነ የሚያመለክተውም እዛው ነው፣ ከዛ አንድ ቦታ ላይ መቶ ሰው ሲሻማ «ሥራ የለም» ይባላል።

እስቲ ሠርግ አስቡ። የኛን ሠርግ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ እንግዳው ሳህን ይዞ ተሰልፎ። ማንን ነው የምታዩት? ጭልፋ የያዘችውን ልጅ። «ቀይ ልጨምር፣ አልጫ ልጨምር» የምትለዋን። ለእንግዳው ድግሱ ማለት እሷ ናት፣ በዛች ደቂቃ ከሙሽሪት በላይ ናት እኮ! ግን እሷ ጭልፋ ከመያዟ በፊት ስንት ሰው ነው የደከመው? በሬ ተራ ሄዶ ጥርስ አይቶ፣ ተከራክሮ፣ ተኮራርፎ፣ ተመልሶ የገዛ አጎት አለ። ሽንኩርት ሲከትፉ ሲያለቅሱ ያደሩ ጎረቤቶች አሉ። ማማሰያውን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ «ይሄ ገና ነው፣ አይወጣም» የምትል እትዬ አለች፣ እሷ እሺ ካላለች ሙሽራው ራሱ ቢለምን ድስቱ ከእሳት አይወርድም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጓዳውን ቁልፍ መቀነቷ ላይ ቋጥራ የምትዞረው ሴትዮ አለች፣ ሁላችሁም ዘመድ ውስጥ አንድ አለቻችሁ፣ አትካዱ። ስንት ድስት ወጣ፣ ስንት ቀረ፣ ሚዜዎቹ ሲመጡ ይበቃል ወይ፣ ለመልሱ ምን ይተርፋል፣ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። የኔ አክስት በዚህ ሥራ የታወቀች ናት፣ አንዴ የሙሽራውን እናት ከጓዳ አስወጥታለች፣ እሱን ሌላ ቀን። ዋናው ነገር ቁልፍ ያዥዋ ሂሳቡን ካበላሸች፣ ጭልፋ የያዘችው ልጅ ምን ብትፈግግ ድስቱ ባዶ ነው።

እና መድኃኒትም እንደዛ ነው። ፋርማሲ ተምረህ ጭልፋውን፣ ማለትም ካውንተሩን ብቻ ነው የምትፈልገው።

ቁልፍ ያዥዋ ማን ናት? የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ የድሮው ፒኤፍኤስኤ፣ በየክልሉ ካሉት ቅርንጫፎቹ ጋር። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የመድኃኒት ስቶር ኃላፊው። የገባና የወጣው የሚጻፍበት ቢን ካርድ፣ በየሁለት ወሩ የሚላከው የሪፖርትና የጥያቄ ቅጽ አርአርኤፍ፣ ክምችት የሚያዝበት ዳጉ የሚባለው ሶፍትዌር፣ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ አልዘረዝርም። ግን ስሙኝ፣ እዚህ ጎበዝ የሆነ ሰው ነገ ኤንጂኦም ሎጂስቲክስ ላይ ይፈልገዋል፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሰንሰለት ላይም ይፈልገዋል። ክፍል ውስጥ ሰፕላይ ማኔጅመንት ሲሰጥ የምትተኙት ልጆች፣ አይቻችኋለሁ።

ቀማሿ ደግሞ ኳሊቲ ኮንትሮል ናት፣ የመድኃኒቱን ጥራት የምትፈትሸዋ። ፋብሪካ ስትገቡ ላብራቶሪ አለ፣ ፕሮዳክሽን አለ፣ ኳሊቲ አሹራንስ አለ። አንጋፋው ኢፋርም፣ ካዲላ፣ ጁልፋር፣ ሰሜን ሸዋ ያለው ሂውማንዌል፣ ለመድኃኒት ተብሎ የተሠራው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሲቪ ስታስገቡ እነዚህን አስታውሱ። ኬሚስቶችም እዚህ ይገባሉ፣ ስለዚህ የፋርማሲ ብቻ ሜዳ አይደለም፣ ተዘጋጁ። ከፋብሪካው በላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ፣ በአዋጅ 1112/2011 የሚሠራው፣ መዝጋቢ አለው፣ ኢንስፔክተር አለው፣ ቦሌ ኤርፖርት ላይ የሚገባውን የሚያይ ባለሙያ አለው።

በሬ ገዢው አጎትስ? አስመጪው። ቴክኒካል ማናጀር ይፈልጋል፣ ሬጉላቶሪ አፌርስ ይፈልጋል፣ ማለትም የመድኃኒቱን ዶሴ፣ ለምዝገባ የሚቀርበውን የመረጃ ፋይል አዘጋጅቶ፣ ኢሪስ የሚባለው የባለሥልጣኑ ኦንላይን ሲስተም ላይ ጭኖ፣ ባለሥልጣኑ ጥያቄ ሲልክ መልስ የሚመልስ ሰው። አሰልቺ ነው? ትንሽ። ግን ዶሴ በደንብ የሚያነብ ሰው ብርቅ ነው፣ እኔን ብትጠይቁኝ ዛሬ ተመራቂ ብሆን የምገባበት እዚህ ነው። ሜዲካል ሬፕም አለ፣ መድኃኒት የሚያስተዋውቀው ወኪል፣ ሐኪም ቢሮ በር ላይ ቦርሳ ይዞ ተራ የሚጠብቀው። ምላስ ያላችሁ ልጆች፣ ለናንተ ነው።

ጭልፋ የያዘችውንም አልናቅኩም ደግሞ! ሆስፒታል ያለው ክሊኒካል ፋርማሲስት ዛሬ ዋርድ፣ በሽተኛ የተኛበት ክፍል ገብቶ ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር ራውንድ ይወጣል፣ ዶዝ ያስተካክላል፣ ሁለት መድኃኒት ሲጋጭ ይይዛል። የ5 ዓመቱ ትምህርት ወደ በሽተኛው የዞረው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አካውንቲንግ የተማራችሁም ስሙ። ኤፒቲኤስ የሚባል አሠራር አለ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋ፣ የመድኃኒቱን ግብይት ከላይ እስከ ታች ኦዲት እንዲደረግ የሚያደርግ። እሱ ሲመጣ ምን ሆነ? ፋርማሲ ውስጥ አካውንታንት መቀጠር ተጀመረ። ስለዚህ ከሌላ ፊልድም በር አለ፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሩ ማሽኑን፣ የጤና መረጃ ባለሙያው ዳታውን፣ ላብራቶሪው ናሙናውን... በነገራችን ላይ ስለ ላብራቶሪ ለብቻው ቪዲዮ ሠርቻለሁ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉና እዩት፣ ነፃ ነው እኮ።

ወደ ውጭ ሀገር ሥራ ወሬ ልሻገር ነበር ግን ቆይ፣ ቆይ። አንድ ኮሜንት አለ ሳልመልሰው አላልፍም። «ወንድሜ ምን አደከመህ፣ ላይሰንሴን አከራይቼ ቤቴ እቀመጣለሁ» ይላል። ስር ደግሞ ላይክ በላይክ ነው! «ስንት ነው የሚከራየው?» «አገናኘኝ»... እንዴ! በአደባባይ እኮ ነው የምትደራደሩት።

እሺ እናውራው። ፋርማሲ የሚከፈተው በባለሙያ ስም ነው፣ ላይሰንሱ፣ ማለትም የሙያ ፈቃዱ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ እና ባለሙያው እዛ አለ ተብሎ ነው ፈቃድ የሚሰጠው። አንተ ቤትህ ተኝተህ፣ ካውንተሩ ላይ የቆመው የባለቤቱ የአክስት ልጅ ነው እንበል። የስኳር መድኃኒት ለማይገባው ሰው ሰጠ። አንቲባዮቲክ ያለማዘዣ ሸጠ። ማን ነው የሚጠየቀው? የአክስቱ ልጅ ስሙ የትም የለም፣ ያንተ ግን በፍሬም ተሰቅሏል። ኢንስፔክተር መጥቶ «ፋርማሲስቱ የታለ?» ሲል «አሁን ወጣ፣ ምሳ ሄዶ ነው» ይባላል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ምን ምሳ አለ?

ይሄ እንኳን ይቅር፣ በብር እንየው። ባለቤቱ የሚከፍለው ለወረቀቱ ነው፣ ላንተ አይደለም። ወረቀት ደግሞ አዲስ ተመራቂ በመጣ ቁጥር ይረክሳል። ከዛ እዛው ቆሞ ሊሠራ የመጣው ጓደኛህ ደሞዝ ሲጠይቅ «በግማሹ ወረቀት አገኛለሁ» ይሉታል። የራሳችሁን ገበያ የምትገድሉት እናንተ ናችሁ፣ ከዛ «ፋርማሲ ደሞዝ የለውም» ትሉኛላችሁ። ተናደድኩ፣ ውሃ ልጠጣ።

ምን ላይ ነበርን? ውጭ። ይሄ ላይሰንስ አከራይቶ ቤት የመቀመጥ ነገር ውጭም ይከተላችኋል። ዱባይ፣ ሳዑዲ፣ ኳታር ለመሥራት ዳታፍሎው የሚባል ማጣራት አለ፣ ዲግሪህንም የሥራ ልምድህንም ወደ ሰጠው ተቋም ልኮ ይጠይቃል። የልምድ ማጣራቱን አልፈህ የሀገሩ የፈቃድ ፈተና ላይ ስትቀመጥ ደግሞ መድኃኒት ነክተህ የማታውቅ ከሆነ ይታወቃል።

አሜሪካ ረዘም ይላል። መጀመሪያ ኤፍፒጂኢሲ የሚባለው፣ ውጭ ሀገር ለተማረ ፋርማሲስት የሚሰጠው ሰርተፊኬት ነው፣ ዲግሪህ ይገመገማል፣ ኤፍፒጂኢኢ የሚባለውን የእሱን ፈተና ትፈተናለህ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ቶፍል አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለተመረቀ ሰው ቢያንስ የ5 ዓመት ፕሮግራም ይጠይቃሉ፣ የኛው 5 ስለሆነ እዚህ ላይ አትፍሩ፣ የድሮ ተመራቂዎች ግን ትራንስክሪፕታችሁን እዩ። ከዛ ስቴቱ የሚጠይቀው የኢንተርንሺፕ ሰዓት፣ ከዛ ናፕሌክስ የሚባለው የፋርማሲስት ፈቃድ ፈተና፣ ከዛ አብዛኛው ስቴት ላይ የሕግ ፈተና። እስከዛው ምን ትበላለህ? ፋርማሲ ቴክኒሺያን ሆነህ ትሠራለህ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ያሉ ልጆች ይሄን መንገድ በደንብ ያውቁታል። እዚህ ፋርማሲስት ነበርኩ ብለህ አትኩራ፣ ኢንሹራንሱ የመድኃኒቱን ክፍያ ሪጀክት ሲያደርግ መፍታትና ስልክ ላይ ከተቆጣ ደንበኛ ጋር ማውራት የምትለምደው እዛ ነው።

ለዛሬ ይብቃን። ኮሜንት ላይ የስንተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆናችሁና ስቶር፣ ፋብሪካ፣ ዋርድ፣ ሬጉላቶሪ፣ የቱ እንደሚስባችሁ ጻፉልኝ፣ ብዙ ሰው የመረጠውን በሚቀጥለው እዛ የሚሠራ ሰው ጋብዤ በዝርዝር እናወራዋለን። የላይሰንስ ደላሎች ግን ስልክ ቁጥራችሁን ኮሜንት ላይ አታስቀምጡ፣ እያየሁ አጠፋዋለሁ። ቻው ቻው።