ነገ ጠዋት ቢሄድስ? የተቸገረ ክለብና ባለቤቱ

[ምስል፦ ባዶ የስታዲየም ወንበሮች፤ መጥረጊያ የያዙ ሰዎች]

ኦገስት 27 ቀን 2019። በዚህ ቪዲዮ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ቤሪ በምትባል ከተማ ሰዎች መጥረጊያና ጨርቅ ይዘው ጊግ ሌን ስታዲየም ደረሱ። ማንም አልከፈላቸውም። ክለባቸውን የሚገዛ ተገኝቷል ተብሏል፤ እነሱም ለቀጣዩ ጨዋታ ሜዳቸው ንጹህ ሆኖ እንዲጠብቅ ነው የመጡት። ወንበር ወለወሉ፣ ደረጃ ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ ገዢው ተወው። በዚያው ሌሊት ሊጉ ክለቡን አባረረ። ከ1894 ጀምሮ በሊጉ የቆየ፣ ኤፍኤ ካፕን ሁለት ጊዜ ያነሳ ክለብ በአንድ ቀን ከዝርዝሩ ተሰረዘ።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ልንገራችሁ። ቤሪ ከመባረሩ ጥቂት ወራት በፊት ባለቀው የውድድር ዘመን ሜዳ ላይ ጎበዝ ነበር። ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ አንድ ደረጃ ከፍ ወዳለው ዲቪዚዮን አድጓል። ተጫዋቾቹ ደሞዝ እየዘገየባቸው፣ ከዚያም እየቀረባቸው ነው ያሳደጉት። ክለብ እያሸነፈም ይሞታል ማለት ነው።

ከዚያ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ክለቡ የተሸጠው በ1 ፓውንድ ነበር። ገዢው በኋላ ላይ፣ ቤሪ የሚባል የእግር ኳስ ቡድን መኖሩን እንኳ እንደማያውቅ በራሱ አንደበት ለጋዜጠኛ ተናግሯል።

1 ፓውንድ ሲባል ርካሽ ይመስላል። ግን ከማልያውና ከወንበሩ ጋር እዳው፣ ያልተከፈለው ደሞዝ፣ ግብሩ፣ በየወሩ የሚመጣው ጉድለት አብሮ ይመጣል። በእንግሊዝ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለቦቹ ተደምረው ከጠቅላላ ገቢያቸው በላይ ለደሞዝ ብቻ ያወጡባቸው ዓመታት አሉ። ለመብራት፣ ለጉዞ፣ ለሣር እንክብካቤ ምንም ሳይወጣ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ባለቤት ሲመጣ ስንት ብር ከፈለ ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ጉድለቱን ለሚቀጥሉት ሦስት አራት ዓመታት ከየት ያመጣዋል? እሱን ነው መጠየቅ።

[ምስል፦ የማላጋ ስታዲየም ከላይ ሲታይ]

እኔም ያው እንደናንተው ነኝ። አዲስ ባለቤት መጣ ሲባል መጀመሪያ ጎግል የማደርገው ሀብቱን ነው። ግን ማላጋን አስታውሱ።

የስፔኑ ክለብ በ2010 ከኳታር ንጉሣዊ ቤተሰብ የሆነ ሼክ ገዛው። ገንዘብ ጎረፈ። ቫን ኒስተልሮይ መጣ፣ ካዞርላ መጣ። በ2013 ቡድኑ ሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ በዶርትሙንድ የወደቀው ባለቀ ሰዓት በተቆጠሩ ሁለት ጎሎች ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ተረት ይመስል ነበር። ውስጡ ግን ቀደም ብሎ ተበላሽቷል። ካዞርላ በ2012 ሲሸጥ ደሞዝ እየዘገየ ነበር። ላልተከፈለው እዳ ደግሞ ዩኤፋ ክለቡን ከአውሮፓ ውድድር አገደው። በ2018 ወረደ። በ2020 ፍርድ ቤት ሼኩን ከክለቡ አስተዳደር አነሳቸው። በ2023 ማላጋ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ገባ።

ሰውየው ገንዘብ አጥቶ አይደለም። ያጣው ፍላጎት ነው። ክለቡ ደግሞ በሰውየው ፍላጎት ላይ ብቻ ቆሞ ነበር።

ለዚህ ነው እኔ አንድ ፈተና ያለኝ። ይህ ሰው ነገ ጠዋት ተነስቶ ቢሄድ ክለቡ እጅ ላይ ምን ይቀራል?

መጀመሪያ ሜዳውን ተመልከቱ። ስታዲየሙ የማን ነው?

የእንግሊዙ ክለብ ደርቢ ካውንቲ ፕሪሚየር ሊግ ለመግባት በጣም ከመጓጓቱ የተነሳ ሊጉ የሚፈቅደውን የኪሳራ ገደብ እንዳያልፍ ስታዲየሙን ለራሱ ለባለቤቱ ኩባንያ ሸጠ። ዋጋው 80 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ። ወረቀት ላይ ትርፍ ሆኖ ታየ። ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ በሉት። በ2019 ለማደግ በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ በአስቶን ቪላ ተሸነፈ፤ በ2021 ክለቡ መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። 21 ነጥብ ተቀነሰበት፣ ወረደ። ከዚያ ገዢ ሲፈለግ መከራው ታየ፦ ክለቡ አንድ ቦታ፣ ሜዳው ሌላ ቦታ ነው። በ2022 ያዳነው ዴቪድ ክላውዝ የተባለ የአካባቢው ባለሀብትና የክለቡ ደጋፊ ነው። መጀመሪያ ስታዲየሙን ገዛ፣ ቀጥሎ ክለቡን። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

ብራይተን ይህን ትምህርት ቀደም ብሎ ነው የተማረው። የድሮ ሜዳው ተሸጠበትና በ1997 ለቆ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጊሊንግሃም ውስጥ በባለሜዳነት ተጫወተ። "ሜዳችን" ብላችሁ ሰዓታት ተጉዛችሁ ስትሄዱ አስቡት። ከዚያ ደግሞ የአትሌቲክስ መሮጫ ባለው ትንሽ ሜዳ ላይ አሥር ዓመት በላይ ከረመ። በ2009 የአሁኑ ባለቤት ቶኒ ብሉም ሊቀመንበር ሲሆን ቡድኑ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ነበር። ብሉም ትልቁን ገንዘብ ያፈሰሰው ስታዲየም ላይ ነው። ስታዲየሙ በ2011 ተከፈተ። ኮከብ አጥቂ በሦስት ዓመት ያረጃል፤ ስታዲየም ግን እዚያው ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡ በምን መልክ እንደገባ እዩ። ብሉምም ቢሆን አብዛኛውን የሰጠው በብድር ነው፤ ግን ወለድ የለውም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብድሩ የንግድ ወለድ ካለው፣ ሜዳው ደግሞ መያዣ ከሆነ፣ ባለቤቱ "ስጦታ" እያለ የሚያወራው ነገር ለክለቡ ገመድ ነው። ቤሪም ሜዳውን አስይዞ ነበር።

ስለ ብድር ካነሳን ሊድስን ማለፍ አይቻልም። ሊድስ ያኔ የአንድ ሰው አልነበረም፤ አክሲዮን ማኅበር ነበር። በ2001 ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። የሚበደረው "በየዓመቱ ሻምፒዮንስ ሊግ እንገባለን" በሚል ስሌት ነው። አልገባም። በ2004 ወረደ፣ ስታዲየሙም ተሸጠ። ወጪው ሲፈተሽ በሊቀመንበሩ ቢሮ ያሉት የወርቅ ዓሣዎች ሳይቀሩ የኪራይ ሆነው ተገኙ። ዓሣ ተከራይቶ! ስታዲየሙ ተመልሶ በባለቤቱ ኩባንያ እስኪገዛ እስከ 2017 ፈጀ።

[ምስል፦ የአሰልጣኞች ወንበር፣ ዝናብ]

ገንዘቡን እንተወውና ጠባዩን እንይ። ደጋፊ ሲያብድ ባለቤቱ አብሮ አያብድም? ፈተናው እዚያ ጋ ነው። በ2016 ብራይተን በቀጥታ ማደግ ያመለጠው በጎል ክፍያ ነው። ከዚያ በማጣሪያውም ወደቀ። ብዙ ባለቤት በዚያ ሳምንት አሰልጣኝ ያባርራል፤ ቢያንስ ንዴቱ ይወጣለታላ። ብሉም ክሪስ ሂውተንን አላባረረም። በሚቀጥለው ዓመት አደጉ።

ከዚያ ወዲህ የሠሩት ደግሞ ሌላ ነው። ሞይሰስ ካይሴዶን ከኢኳዶር ሲያመጡት 5 ሚሊዮን ፓውንድ አይሞላም ነበር። በ2023 ለቼልሲ የሸጡት ቢያንስ በ100 ሚሊዮን ነው። መልማዮቹ የባለቤቱን ስሜት አይደለም የሚያዩት፣ መረጃ ነው። ብሬንትፎርድም በማቲው ቤንሃም ስር በተመሳሳይ መንገድ ሄዶ በ2021 ከ74 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ ተመለሰ። ሁለቱም ባለቤቶች ከውርርድ ዓለም የመጡ፣ ሁለቱም የገዙትን ክለብ ከልጅነት ጀምሮ የሚደግፉ ናቸው። ስሜት አላቸው። ግን ዝውውር ላይ ስሜታቸውን በር ላይ ያስቀምጡታል።

የክለቡን መልክ የሚነካ ባለቤትም አለ። የካርዲፍ ባለቤት በ2012 ሰማያዊውን ማልያ ቀይ አደረገው፤ ቀይ ዕድል ያመጣል ብሎ። በ2015 ሰማያዊው ተመለሰ። እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ታዲያ ደጋፊው ራሱ ባለቤት ቢሆንስ? ጀርመን ውስጥ ከጥቂት ክለቦች በስተቀር አብዛኛው የድምፅ ድርሻ የአባላቱ ነው። የኡኒዮን በርሊን ደጋፊዎች ክለባቸው ገንዘብ ሲያጥረው ከ2,000 በላይ ሆነው አካፋ ይዘው ስታዲየሙን ራሳቸው ገነቡት። በ2019 ቡንደስሊጋ ገቡ። ፖርትስማውዝንም በ2013 ከሞት ያዳኑት ደጋፊዎቹ ናቸው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ እነሱው ራሳቸው በ2017 ድምፅ ሰጥተው ክለቡን ለአሜሪካዊው ባለሀብት ማይክል አይስነር ሸጡት። ያረጀ ስታዲየም ማደስ በአባልነት መዋጮ አይሆንም። እኔ ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም። እዳውን አጽድተው፣ ገዢውን መርምረው፣ ራሳቸው መርጠው ነው የሸጡት።

[ምስል፦ ጊግ ሌን፣ እንደገና]

ቤሪስ? ሜዳው ለዓመታት ተቆልፎ ቆየ። በ2022 ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ መንግሥትም ጨምሮላቸው፣ ስታዲየሙን መልሰው ገዙት። በ2023 ቤሪ እንደገና በጊግ ሌን ተጫወተ። ያኔ ዘጠነኛ ዲቪዚዮን ላይ ነበር። ሜዳው ግን የራሳቸው ነው።