ባልንጀራህን ውደድ የተባለበት ገጽ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ርእሱ «መጽሐፍ ቅዱስና የዛሬው ኑሮ» ነው ሲሉኝ ትንሽ ሰጋሁ። ርእስ እንዲህ ሲሰፋ ተናጋሪው ዘመኑን ወቅሶ ይወርዳል፤ ፊልሙን፣ ሙዚቃውን፣ አለባበሱን። አድማጩም ጎረቤቱን እያሰበ ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ ዘሌዋውያን 19ን።

ጌታችን ከትእዛዛት ሁሉ የትኛው ይበልጣል ተብሎ ሲጠየቅ በሁለተኛነት የጠራው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ቃል ከዚህ ምዕራፍ የተወሰደ ነው፤ ቁጥር 18። ቃሉን በቃላችን እናውቀዋለን። በዙሪያው ያለውን ግን ስንቶቻችን አስተውለናል? ከፍ ብሎ የአጨዳ ሕግ አለ፤ የቀን ሠራተኛ ክፍያ አለ፤ ሐሜት አለ። ዝቅ ብሎ ሚዛንና መስፈሪያ አለ። ፍቅር የተጻፈው በክፍያና በሚዛን መካከል ነው።

ቁጥር 13 «የሞያተኛው ዋጋ እስከ ነገ ድረስ በአንተ ዘንድ አይደር» ይላል። ዘዳግም 24 ምክንያቱን ይጨምርልናል፤ ሰውየው ድሀ ነው፣ ተስፋ ያደረገው ያንኑ ክፍያ ነው፣ ስለዚህ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው። በማቴዎስ 20 በወይኑ አትክልት ምሳሌም ሠራተኞቹ የቀን ዋጋቸውን 1 ዲናር የሚቀበሉት በዚያው ቀን ሲመሽ ነው። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ዛሬ ካልተከፈለው ዛሬ ማታ ባዶ እጁን ይገባል። ሕጉ «ክፈለው» ብሎ አይከራከርም፤ መክፈልህማ የታወቀ ነው። የሚለው «አይደር» ነው። የተጨነቀው ለዚያች አንድ ሌሊት ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ አንድ ወጣት ቤት ድረስ መጥቶ ሠራልኝ። ሦስት ሰዓት ያህል ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ትንንሾቹን ብሎኖች እንዳይምታቱበት ነጭ ወረቀት ላይ በተራ እየደረደረ። ሲጨርስ «ነገ እልክልሃለሁ» አልኩት። ነገም አለፈ፣ ከነገ ወዲያም አለፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን መልእክት ደረሰኝ፤ «ሰላም ነዎት ጋሼ? እንዴት ሰነበቱ?» ከዚህ ሌላ አንድም ቃል የለውም። በግላችሁ ሠርታችሁ የምታድሩ ሰዎች ይህን ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ገንዘብ የሚለውን ቃል ለመጥራት ግን ያፈረ ሰላምታ ነው። ማፈር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። መልእክቱን ያነበብኩበት ያው ስልክ ክፍያውን ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ምን እየሠራሁ ነበር መሰላችሁ? ስለ ጸሎት የማስተምረውን እያዘጋጀሁ! ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተቀማ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። በእኔ ላይ የጮኸው በ«እንዴት ሰነበቱ» ነው።

«ይህማ የኦሪት ሕግ ነው፤ እኛ በጸጋ ነን» የሚል ይኖራል። ጳውሎስ ግን በሮሜ 13 «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን ይህንኑ ቃል ይጠቅሳል። ያዕቆብም በምዕራፍ 2 የንጉሥ ሕግ ብሎ ይጠራውና ወዲያው ለሰው ፊት ማድላትን ያነሣል፤ እርሱም በዘሌዋውያን 19 ቁጥር 15 ላይ የተከለከለ ነው። ሐዋርያት ገጹን አልዘጉትም።

ወደ ቁጥር 14 ልለፍ። «ደንቆሮውን አትስደብ»። ቃሉ የትርጉሙ ነው፤ እኛ ዛሬ መስማት የተሳነው እንላለን። ይህ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ግራ አጋብቶኛል። ካልሰማ አይከፋውም፤ ካልከፋው ማን ተጎዳ? አሁን ስልካችሁን አስቡ። የመሥሪያ ቤት ግሩፕ አለ፤ አንድ የሥራ ባልደረባ ብቻ አልተጨመረበትም። የእርሱ ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ይደረደራል። ነገ ጠዋት ሲገባ ሁሉም «እንዴት አደርክ» ይለዋል፤ እርሱም በደህና ይመልሳል። ለዚያ ግሩፕ ይህ ሰው ጆሮ የለውም። ሕጉ የቆመው ለእርሱ ነው፤ የተባለበትን ሰምቶ መልስ ሊሰጥ ለማይችለው። ለዚህም ይመስለኛል ቁጥሩ «አምላክህን ፍራ» ብሎ የሚቀጥለው፤ የሚሰማ አለና። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ በሐሜት አትዙር ይላል። ዱሮ ለመዞር እግር ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ተኝተን እንዞራለን።

ይኸው ቁጥር 14 ስለሚከለክለው፣ በዕውር ፊት ስለሚቀመጠው ዕንቅፋት ብዙ አልልም። ውል የምታረቅቁ፣ ዕቃ የምትሸጡ፣ በደቃቅ ፊደል ምን እንደጻፋችሁ እናንተው ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ የማነሣው ቁጥር 9ንና 10ን ነው፤ የእርሻህን ዳርቻ አጥርተህ አትጨድ፣ ቃርሚያውንም አትልቀም፣ ለድሀና ለእንግዳ ተወው። ሩት በቦዔዝ እርሻ ስትቃርም ውላ ስትወቃው አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ሆነላት። ያን ገብስ ማንም በምጽዋት እጇ ላይ አላስቀመጠም፤ ጎንበስ ብላ በጉልበቷ ለቀመች። ይህን ስናነብ ወዲያው ስለ ገንዘብ መስጠት እናወራለን፤ እኔ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በየሙያው ስም ያወጣ ሰው ትልቁንም ትንሹንም ሥራ ጠራርጎ ሲወስድ፣ ጀማሪው ምን ይቃርማል? ሥራ ሲሰጣችሁ «ይህን ለእገሊት ስጧት፤ ትችለዋለች» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዳርቻ ማለት ይህ ነው። ጊዜም ዳርቻ አለው። ቀኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጠሮ የሞላ ሰው፣ ወዳጁ በተሰበረ ድምፅ ሲደውልለት «ስብሰባ ላይ ነኝ» ከማለት በቀር የሚሰጠው የለውም። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ላይ ነበር፤ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ 2 ዲናር ከመስጠቱ በፊት ጉዞውን አቁሞ ወርዷል።

የተሰጠኝ ጊዜ ገና አላለቀም። የቀረችውን ዳርቻ ሳላጭዳት ልተዋት ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። ያላለቀ ክፍያ ያለባችሁ ደግሞ ስልካችሁን አውጡ፤ እንጠብቃችኋለን።