ከአቻነቷ ጎል በኋላ የነበረው ጨዋታ

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ! እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ከክሊቭላንድ፣ ከሲንሲናቲና ከዴይተን መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ፣ እግራችሁ ይባረክ።

እንደምታውቁት በየዓመቱ አንድ የቆየ ውድድር መርጠን እንወያያለን። ብዙ ጊዜ ሩጫ ነው፣ ካልሆነም እግር ኳስ። ዘንድሮ የወጣቶች ክፍላችን የመረጠው የአሜሪካ ኮሌጆችን የወንዶች የበረዶ ሆኪ ዋንጫ ነው። ከእናንተ መካከል «እኛና ሆኪ ምን አገናኘን?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በረዶ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ እያየን አላደግንም። ግን የምንኖረው ኦሃዮ ነው። ልጆቻችንም የሚማሩት እዚሁ ነው። ከዚህ ከኮለምበስ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ብትነዱ ቦውሊንግ ግሪን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ታገኛላችሁ። የዚያች ከተማ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1984 የተጫወተው የፍጻሜ ጨዋታ በውድድሩ ታሪክ ረጅሙ ነው። እስከ ዛሬ የሚበልጠው አልመጣም።

ውድድሩ የተጀመረው በ1948 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ውስጥ፣ ብሮድሙር በሚባል ሆቴል የበረዶ ሜዳ ላይ ነው። የተጋበዙት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ሚሺጋን ዳርትማውዝን 8 ለ 4 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ውድድሩ ለአሥር ዓመት ከዚያ ቦታ አልወጣም። በ1984 ግን ተሳታፊዎቹ ስምንት ደርሰው ነበር።

ቦውሊንግ ግሪን በአሰልጣኝ ጄሪ ዮርክ እየተመራ ሩብ ፍጻሜውን የጀመረው በሽንፈት ነው። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ጨዋታ አሸነፈው። በሁለተኛው ጨዋታ ግን ልዩነቱን አካካሰና በተጨማሪ ሰዓት፣ በሁለቱ ጨዋታዎች የጎል ድምር አለፈ። በግማሽ ፍጻሜው ሚሺጋን ስቴትን 2 ለ 1 ረታ። በሌላ በኩል የሚኒሶታ ዱሉት ቡድን ኖርዝ ዳኮታን በተመሳሳይ ውጤት፣ እሱም በተጨማሪ ሰዓት፣ አሸንፎ መጣ። የዱሉት ተከላካይ ቶም ከርቨርስ በዚያው ዓመት ለምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሆቢ ቤከር ሽልማት ያገኘ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ነው እንግዲህ ፍጻሜ የደረሰው።

ቦታው ሌክ ፕላሲድ ነው፣ ኒውዮርክ ግዛት። ስለ ቦታው ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን በጣም የነካኝ ይሄ ነው። በ1980 የክረምት ኦሎምፒክ የአሜሪካ ወጣቶች ኃያሉን የሶቪየት ኅብረት ቡድን 4 ለ 3 ያሸነፉት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከእነዚያ ወጣቶች ኬን ሞሮውና ማርክ ዌልስ የቦውሊንግ ግሪን ልጆች ነበሩ። ማርክ ፓቬሊችና ጆን ሃሪንግተን ደግሞ የዱሉት። አስቡት፤ ከአራት ዓመት በፊት የሁለቱ ትምህርት ቤት ልጆች እዚያ በረዶ ላይ ለአንድ አገር አብረው ተጫውተዋል። አሁን ታናናሾቻቸው እዚያው ተፋጠጡ።

መጋቢት አጋማሽ ነበር በእኛ አቆጣጠር፤ በፈረንጆቹ ማርች 24። ሆኪ ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዱሉት 4 ለ 2 እየመራ ነበር። ቦውሊንግ ግሪን አንድ አስቆጥሮ ቀረብ አለ። ከዚያ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ሲቀረው ሁሉም የሚያወራላት ነገር መጣች። ፓኩ፣ ያቺ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ፣ የሜዳውን ዙሪያ ይዞ ወደ ዱሉት ጎል ጀርባ ተላከ። በረኛው ሪክ ኮስቲ ሊያቆመው ከጎሉ ወጣ። ሲወጣ ትክክል ነበር፤ ማንኛውም ጥሩ በረኛ የሚያደርገው ነው። ፓኩ ግን ሰሌዳውን፣ ማለትም የሜዳውን ዙሪያ አጥር፣ መትቶ ያልተጠበቀ አቅጣጫ ያዘና ባዶው ጎል ፊት ለፊት ወጣ። ጆን ሳማንስኪ እዚያ ነበር። አስገባው። 4 ለ 4።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። የዚህ ጨዋታ ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚች ጎል ላይ ይቆማል። «አንድ ነጥሮ የተመለሰ ፓክ የዱሉትን ዋንጫ ወሰደ» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዋንጫው በዚያች ደቂቃ አልሄደም። ጨዋታው አቻ ሆነ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ 39 ደቂቃ የሚጠጋ ጨዋታ ነበረ።

በዚያን ጊዜ ተጨማሪ ሰዓቱ አሥር አሥር ደቂቃ ነበር። መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል፤ ሌላ ዕድል የለም። አንደኛው አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛውም አለቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኮስቲ ጎሉን አላስደፈረም። ባዶ ጎሉ ላይ ሲገባበት ያየ ሰው፣ አንድ ስህተት ሁሉንም በሚጨርስበት ሰዓት፣ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ፀንቶ ቆመ። በወዲያኛው በኩል ጋሪ ክሩዚችም እንደዚያው። ክሩዚች የውድድሩ ኮከብ ተባለ፣ ይገባዋል። ለኮስቲ ሠላሳ ደቂቃዎች ግን ማን ምን አለ?

በአራተኛው ተጨማሪ ሰዓት፣ 7 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ላይ፣ ጂኖ ካቫሊኒ አገባ። 5 ለ 4። ጨዋታው በድምሩ 97 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ወሰደ። ቦውሊንግ ግሪን ሻምፒዮን ሆነ። ያቺ ትንሽ ከተማ በዚያው ክረምት፣ እዚያው ያደገው ስኮት ሃሚልተን ሳራዬቮ ላይ በበረዶ መንሸራተት የኦሎምፒክ ወርቅ ሲያገኝ አይታ ነበር። ከወር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሌላ ደስታ ተደረበላት።

ቦውሊንግ ግሪን እስካሁን ያለው ዋንጫ ያ ብቻ ነው። በ2009 አካባቢ ቡድኑ በገንዘብ ችግር ሊዘጋ ነው ሲባል፣ የቀድሞ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች ተሰባስበው ገንዘብ አሰባሰቡ። ቡድኑ ተረፈ፣ ዛሬም ይጫወታል። ጄሪ ዮርክ ወደ ቦስተን ኮሌጅ ሄዶ አራት ዋንጫ ጨመረ። ዱሉቶች ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ግማሽ ፍጻሜ ላይ በሦስተኛ ተጨማሪ ሰዓት ተሸነፉ። ልብ ይሰብራል። የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያገኙት በ2011 ነው፤ ሚሺጋንን 3 ለ 2፣ እንደገና በተጨማሪ ሰዓት፣ በካይል ሽሚት ጎል። 27 ዓመት ጠበቁ።

ለዚህ ነው ዘንድሮ የመዝገብ ክፍላችን አሠራሩን እንዲለውጥ ሐሳብ የማቀርበው። እስካሁን በአማርኛ የምናዘጋጀው መጽሔት የአሸናፊውን ታሪክ ይጽፋል፣ የተሸናፊውን በአንድ መስመር ያልፋል። በእግር ኳሳችንም ያው ነው። የአንድ በረኛ ስም ሲነሳ የገባበት ይነገራል፣ ያዳነው አይነገርም። ከእንግዲህ ስለ አንድ ጨዋታ ስንጽፍ ከሁለቱም ወገን የተጫወቱ ሰዎችን ፈልገን እናናግር። ደቂቃ በደቂቃ እንመዝግብ። በዕድሜ የገፉ አባቶቻችን በወጣትነታቸው የተጫወቱትን ጭምር፣ ሽንፈታቸውንም ሳይቀር፣ አሁን ተቀምጠን እንቅዳ። ልጆቹ መቅጃ አላቸው፣ ጊዜም አላቸው። አባቶች ደግሞ ትዝታው አላቸው።

ሐሳቡ ከሰዓት በኋላ ለድምፅ ይቀርባል። ከዚያ በፊት የሂሳብ ሪፖርቱን እንሰማለን። የወጣቶች ክፍል ደግሞ ስለዚህ ውድድር ያዘጋጀውን ጽሑፍ ከምሳ በፊት ያቀርባል፤ ጥያቄ ያላችሁ ለእነሱ አቅርቡ፣ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።