ኮድ ማጥፋት ጥገና አይደለም

የተከበራችሁ የአሌክሳንድሪያ፣ የአርሊንግተንና የፌርፋክስ ሹፌሮች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! አዘጋጆቹ ስለ ኢሚሽን፣ ማለትም ስለ መኪና ጭስ ፈተና በጠቅላላው እንድናገር ጠይቀውኛል። የመጣሁት ግን ስለ አንድ ነገር ልናገር ነው፤ በፈተናው ዋዜማ ቼክ ኢንጅንን፣ ማለትም የሞተር ችግር ሲኖር ዳሽቦርድ ላይ የሚበራውን መብራትና ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ፣ በስካነር ስለማጥፋት።

በሰሜን ቨርጂኒያ በየ2 ዓመቱ የሚደረገውን ፈተና ሁላችንም እናውቀዋለን። መርማሪው ገመዱን ከዳሽቦርዱ ሥር ሰክቶ የሚጠይቀው የመኪናውን ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የመብራቱን መጥፋት ብቻ አይናገርም። የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹንና የቤንዚን ትነት መቆጣጠሪያውን ራሱ ፈትሾ መጨረሱንም ይናገራል። ኮድ ስታጠፉ ይህ ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። ባትሪ መንቀልም ያው ነው። ከ2001 ወዲህ ለተሠራ መኪና የሚፈቀደው ያላለቀ ፍተሻ 1 ብቻ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ መኪናው ይመለሳል።

እንግዲህ ፓርኪንግ ውስጥ ስካነር ይዞ፣ ገንዘብ ተቀብሎ፣ «ሂድ፣ ታልፋለህ» የሚለው ሰው ምን ሸጠ? ምንም! ሌሊት ሲነዳ ካደረ ሹፌር ኪስ ነው የሚወስደው። ይኼ ነገር በእኛ መካከል ይብቃ!

ባለ 4 ሲሊንደር የ2007 ካምሪ እንውሰድ። ኮዱ ፒ0420 ነው፤ የካታሊቲኩ ሥራ ተዳክሟል ማለት ነው። ብዙ ጋራዥ ወዲያው አዲስ ይገጥማል። የዚህ ሞተር የታወቀ ችግር ግን ዘይት መብላት ነው። ዘይት ጠራጊው የፒስተን ፋሻ በካርቦን ይያዝና ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም ካታሊቲኩ ላይ እየተለጠፈ ያደክመዋል። አዲሱንም እንዲሁ ይገድለዋል! ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱን ለኩ፤ 1,000 ማይል ነድታችሁ ደግማችሁ ለኩ። 1 ኳርት ከጎደለ ሥራው ሞተሩ ላይ ነው። ቀጥሎ ካንዴላና ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል ይታይ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊቲኩ ውስጥ ሲነድ ውስጡን ያቀልጠዋል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ መንዳት አቁሙ። ከዚያ የጭስ ቧንቧው ከካታሊቲኩ ኋላ ካለው የኦክስጅን ሴንሰር በፊት የሚተነፍስበት ቦታ ይፈለግ፤ በዚያ የሚገባ አየር ሴንሰሩን ያሳስተዋል። በመጨረሻ ሞተሩ በደንብ ሞቆ በደቂቃ በ2,500 ዙር ተይዞ የኋላው ሴንሰር ቮልት ይነበብ። 0.6 እስከ 0.8 አካባቢ ከረጋ ካታሊቲኩ ይሠራል። በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ ከተመላለሰ አዲስ የምትገዙት ያኔ ነው። ይህን ሁሉ ሳያይ «ካታሊቲክ ቀይር» የሚል መካኒክ ካለ ቁጥሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት!

ጥገናው ሲያልቅ ኮዱ ይጥፋ፤ ማጥፋት ቦታው እዚያ ነው። ከዚያ መኪናው ይነዳ። ቤንዚኑ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ይሁን። ሌሊቱን ያደረውን ሞተር ጠዋት አስነሥታችሁ 2 ወይም 3 ደቂቃ ባለበት ተዉት። ከተማ ውስጥ 10 ደቂቃ፣ ሀይዌይ ላይ ከ50 እስከ 60 ማይል ባለው አንድ ፍጥነት 15 ደቂቃ ንዱ፤ ከዚያ ፍሬን ሳትይዙ ነዳጁን ለቃችሁ ፍጥነቱ እስከ 20 ማይል ይውረድ። ለጥቂት ቀናት ደጋግሙት። የትነት ፍተሻው ግን ሌላ ጠባይ አለው። በዚሁ ካምሪ የሚጀምረው ሞተሩ ከጠፋ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። በ2 ፈረቃ ቀንና ሌሊት የሚሠራ መኪና 5 ሰዓት የት ይቆማል? ፈተና ሲደርስ ከባልደረባችሁ ተስማምታችሁ አሳድሩት።

ሞተሩ ቶሎ የማይሞቅ ከሆነ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ይቀየር፤ ሳይሞቅ የካታሊቲኩ ፍተሻ አይጀምርም። የቤንዚን ክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ክዳኑን ቀይሩ።

የወደቀ መኪና በ14 ቀን ውስጥ እዚያው ጣቢያ 1 ጊዜ ያለ ክፍያ ስለሚታይ የጥገናውን ደረሰኝ ይዛችሁ ተመለሱ። ዛሬ ማታ ስካነሬን ይዤ ደጅ እቆያለሁ፤ ፍተሻው ማለቁን በነፃ አነብላችኋለሁ። ኮድ ግን አላጠፋም። አመሰግናለሁ።